የፈንታ ጠጠር

ፈንታ መሞቱን የሰማሁት ባለፈው ማክሰኞ ገበያ ላይ፣ ከሚስቱ አፍ ነው። ለትምህርት ቤቱ የውሃ ገንቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ከሸክላ ሻጮቹ ረድፍ መጨረሻ ተቀምጣ አየኋት። ትርንጎ ትባላለች። ባልና ሚስቱ ከጎንደር የሄዱት ጣልያን ገና ከተማው ውስጥ ሳለ ስለሆነ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። እሷ ግን ወዲያው አወቀችኝና ፊቷን ወደ ገንቦዎቿ መለሰች።

«ፈንታ እንዴት ነው?» አልኋት።

«ሞተ።»

«መቼ?»

«ገብስ ሲታጨድ።»

«ምን አሞት?»

«ትገዛለህ ወይስ ገበያተኛ ትከልልብኛለህ?»

ምንም ሳልገዛ ሄድሁ። ልነግራት የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሳልነግራት ተመለስሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ስላጣሁ ይህን መጻፍ ያዝሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ ፈንታን አልወደውም ነበር። እሱም አይወደኝም ነበር። ተገናኝተን ያልተሰዳደብንበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ወይም በትክክል ለመናገር እሱ ሲሰድበኝ እኔ ለመልሱ ቃል ስመርጥ ያልዋልሁበት ቀን የለም። ሆኖም ዛሬ ክረምት በገባ ቁጥር ተማሪዎቼን ከክፍል አውጥቼ ጣሪያ አሳያቸዋለሁ፤ ውሃ የት እንደሚገባና በምን እንደሚመለስ አስረዳቸዋለሁ። የማስረዳው ሁሉ የፈንታ ነው። የእኔ ድርሻ ስድቡን ማውጣት ብቻ ነው።

ፈንታ ቀጥቃጭ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለ የቤተ እስራኤል መንደር ነው የሚኖረው። እነሱ ራሳቸውን እንዲህ ይጠራሉ፤ እኛ ግን ያን ጊዜ ፈላሻ እንላቸው ነበር፣ ሲብስብን ደግሞ ቡዳ። እሱ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ ሚስቱ ገንቦና ድስት ትሠራለች። በማረሻው እናርሳለን፣ በገንቦዋ እንቀዳለን፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ሆነው ሰው ይበላሉ ብለን እናምናለን። እኔም አምን ነበር። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ገብቼ፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ሠላሳ ሕፃናት ፊደል እያስቆጠርሁ፣ አምን ነበር።

መልኩን ልግለጽ። አጭር ነው። ፊቱ በፍም ብልጭታ የተነቃቀሰ፣ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር የሌለው ነው። ሲናገር ሰው አያይም፤ ጣሪያ ያያል። የትም ይቁም፣ ማንም ያናግረው፣ ዓይኑ የቤቱን ክዳን ዙሪያውን ሲለቅም ይቆይና ከንፈሩን ያጣምማል። ከእኛ እጅ ምንም ነገር አይቀበልም። መዶሻ ስታቀብለው «ጣለው» ይላል። መሬት ላይ ስታስቀምጥለት ያነሣል። የእኛ ሰው ከነካው ደግሞ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም፤ ሕጋቸው ነው። እኛ እንጸየፈዋለን፣ እሱም ይጸየፈናል፤ በዚህ እኩል ነን እል ነበር። ልክ አልነበርሁም። እሱ ስንነካው ይታጠባል። እኛ ግን ሰው በታመመብን ቁጥር ድንጋይ እናነሣለን።

ጣልያን ፒያሳን መሥራት ሲጀምር ብረት መቀጥቀጥ የሚያውቅ ሁሉ እየተሰበሰበ ተወሰደ። ፈንታንም ወሰዱት። ለሕንፃዎቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲቆርጥ፣ ሲያጥፍና ሲበይድ ዓመት ሳይሞላው ካስተማሩት በለጠ ይባላል። እኛም እሱን የፈለግነው ይህን ሰምተን ነው።

ችግራችን እንዲህ ነበር። ጣልያን ካህናቱን ሊያባብል ለቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ቆርቆሮ ሰጥቶ ነበር። ዕቃ ቤቱ ከነገሥታቱ ዘመን በተረፈ ረጅም የድንጋይ ግንብ ላይ ተለጥፎ የተሠራ፣ ጣሪያው ከግንቡ ወዲህ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቤት ነው። አናጢዎቹ የሣሩን ክዳን አፍርሰው ቆርቆሮውን እስከ ግንቡ አስጠግተው መቱና በመካከል የቀረውን ክፍተት ጭቃ ለጠፉበት። በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃው ታጥቦ ሄደ።

ዕቃ ቤቱ ባዶ ቢሆን ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። ግን ያው ጣልያን አርበኛ አስጠግታችኋል እያለ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ያቃጥል ስለነበር፣ ከእሳት የተረፈ የብራና መጽሐፍ ሁሉ እየተሸከመ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። የእኔ መንደር ከድብ ባሕር ወዲያ ነው። የመንደራችንን ድጓ አጎቴ በቆዳ ጠቅልሎ፣ ቀን እየተደበቀ በእግሩ አምጥቶ፣ «እኔ ተመልሼ እሞታለሁ፤ ይኼ ግን እንዳይሞት» ብሎ ለገበዛችን ለመምሬ አስረስ አስረከባቸው። እንዳለውም ተመለሰና ሞተ። ያን ድጓ ያነበብሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ የጻፈው ሰው የእጅ ጽሕፈት እንደ እናቴ ድምፅ ይታወቀኛል።

መምሬ አስረስ «ያን ቀጥቃጭ ጥራው» ብለው ላኩኝ። ፒያሳ ስደርስ ፈንታ አንድ አዲስ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከጭስ መውጫው ሥር ተንበርክኮ ነበር። የሥራው አለቃ፣ ሠራተኞቹ ካፖ የሚሉት ጣልያናዊ፣ አጠገቡ ቆሞ ይጮሃል። ነገሩ ገባኝ። ከጭስ መውጫው በላይ በኩል ያለውን መሸፈኛ ቆርቆሮ ፈንታ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ሊያስገባው ይፈልጋል፤ ካፖው ከላይ አጋድመህ ሬንጅ ቀባው ይላል። ፈንታ ራሱን ነቀነቀ። ካፖው በጥፊ መታው። ፈንታ ጉንጩን እንኳ ሳይነካ እንደ ታዘዘው ከላይ አጋደመው፣ ሬንጁንም ቀባ።

«ፈንታ!» አልሁት ከታች ሆኜ፤ በዕድሜ አባቴ ቢሆንም «አያ» ብዬ አልጠራሁትም። «ውረድ፣ ገበዙ ይፈልጉሃል!»

«ገበዙ እግር የላቸውም?»

ሳምንት ሳይሞላ ዘነበ። በዚያ ሳልፍ ፈንታ ያንኑ ጭስ መውጫ ሲፈታ አገኘሁት። ካፖው ከታች እጁን ኪሱ ከትቶ ያየዋል።

«ካፖህ ይቅርታ አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ላበሽቀው ነበር።

«እኔን መታ» አለ ጣሪያውን እያየ። «ዝናቡን ማን ይምታለት?»

በማግስቱ ግን ራሱ ከአጥራችን ውጭ መጥቶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመ። ከድንጋዩ ላይ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ እንዳለ ይታያል። መምሬ አስረስ ከአጥሩ ወዲህ ሆኑ፤ እኔም አጠገባቸው።

«አጥር ውስጥ አትገባም፤ ይኼን ዕወቅ» አሉት።

«ማን ልግባ አለ? ብትለምኑኝም አልገባ። ስገባ እናንተ ትወግሩኛላችሁ፣ ስወጣ የገዛ ሰዎቼ ቤት አያስገቡኝም።»

«እንግዲያው ማን ይሠራዋል?»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከጣሪያ አውርዶ እኔን አየኝ። «ይኼ ትንሹ የኔታ ምን ሥራ አለው?»

«አስተማሪ ነኝ» አልሁ።

«እንግዲያው ዛሬ ትማራለህ።»

መምሬ አስረስ በነገሩ ተስማሙ። «ለድካምህ እህል እንሰፍርልሃለን።»

«እህላችሁን ብሉት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ ‹ትርንጎ ሰው አልበላችም› ይበሉ። ይኼው ነው።»

ይህን ማስረዳት አለብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ከሰፈራችን አንዲት ልጅ በትኩሳት ተይዛ ስትለፈልፍ የትርንጎን ስም ጠርታ ነበር። በአገራችን በሽተኛ ሲለፈልፍ ስሙን የጠራው ሰው በላው ይባላል። ልጅቱ በሳምንቱ ድና ውሃ መቅዳት ጀመረች፤ የትርንጎ ስም ግን አልዳነም። ገበያ ላይ ገንቦዋን እየሰበሩ፣ መንገድ ላይ እየተፉባት፣ አንድ ጊዜም ትከሻዋን በድንጋይ መትተዋት ነበር። ከቤት መውጣት ትታለች። በሰፈራችን ይህን ወሬ ሊያቆም የሚችል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም የመምሬ አስረስ ነው።

«ዝናብ ይፈትነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰኔን ከያዘ እናገራለሁ።»

«ይምላሉ?»

«ቄስ አይምልም።»

«እንግዲያው ይኼ ልጅ ይስማ» አለና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ምስክር ነህ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አልሁ።

ቆርቆሮዎቹን ከፒያሳ ቁርጥራጭ እቤቱ አጥፎ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲያልፍ ከአጥሩ ሥር ያስቀምጣቸዋል። እኔ አንሥቼ እወጣለሁ። እሱ የሠራተኞቹ ማኪና እስኪመጣ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ያዝዘኛል።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይህ ነበር። የግራ እጁን ዘረጋ፤ ቀኝ መዳፉን በላዩ አሳርፎ ጣቶቹ የግራ እጁን አንጓ እንዲያልፉ አደረገ። «ላይኛው በታችኛው ላይ። ሁልጊዜ። ሌላ ትምህርት የለም» አለ። እኔ ግን ደብተር ይዤ ነበርና በቁጥር ጠየቅሁት፤ እየተሳደበ መለሰልኝ። ያን ደብተር ዛሬም አለኝ።

የቆርቆሮው መካከል አያፈስም። የሚያፈሰው ሁለት ነገር የሚገናኝበት ነው። ጣሪያ ከግድግዳ ሲገናኝ አንድ ረጅም ቆርቆሮ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ አንደኛው ክንፉ ግድግዳውን ተለጥፎ ይቆማል፣ ሁለተኛው በጣሪያው ላይ ይተኛል። የቆመው ክንፍ ጫፍ ግን ዝም ብሎ አይለጠፍም፤ ከኋላው ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳው በመሮ ይቦረቦርና ጫፉ በቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ በእርሳስ ብረት ተቀርቅሮ፣ በኖራ ይያዛል። ሁለት ጣሪያ ተጋጥሞ ሸለቆ ሲሠራ ደግሞ የተገለጠ መጽሐፍ የሚመስል ሰፊ ቆርቆሮ ከሁለቱም ሥር ይዘረጋል፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ጣሪያዎች ላይኛ፣ እሱ ታችኛ ነው። ጭስ መውጫን በላይ በኩል የሚሸፍነው ከጣሪያው ሥር ይገባል፣ በታች በኩል የሚሸፍነው ከጣሪያው በላይ ይተኛል፤ ካፖው የሳተው ይህን ነው። የጣሪያው መጨረሻ ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ወደ ታች ከንፈር ማውጣት አለበት፤ ያለዚያ ውሃው በሆዱ በኩል እየተሳበ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ አሁን ሳስበው ቀላል ነው። ጣሪያው ላይ ሆኜ ግን ቀላል አልነበረም። ስሳሳት ፈንታ እጄን ይዞ ሊያሳየኝ አይችልም፤ በአፉ «በስተቀኝ፣ ዝቅ፣ ከፍ» ማለትም ሰለቸው። ከእግሩ ሥር ጠጠር ለቅሞ መወርወር ጀመረ። ጠጠሯ የተሳሳትሁበት ቦታ ላይ፣ ከጣቴ በስንዝር ርቀት ታርፋለች፤ ጧ! አንድም ጊዜ አልሳተም። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ያን ድምፅ ሰማ። ተማሪዎቼ ጧ ባለ ቁጥር ይስቃሉ።

«ግራ እጅህ የማን ነው? ተውሰኸው ነው?» ይለኛል። ጧ! «ሚስማሩን ከቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ ምታው አልሁህ፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ትመታዋለህ? ምነው፣ ለዝናብ በር ክፈት ብሎ የላከህ አለ?»

«ሰው ሲያስተምር አይሰድብም!» አልሁት ከላይ።

«አንተ ልጆቹን በአለንጋ አይደለም የምታስተምር? እኔ ጠጠር ነው የያዝሁ።»

አንድ ጊዜ ብቻ «ሸጋ» አለኝ። የግንቡን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጌ ስጨርስ ነው። ወዲያው ግን ቃሉን የተጸጸተበት ይመስል ምራቁን ተፋ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሥራው አለቀ። የታጠፈው ቆርቆሮ ላይኛው ጫፍ በግንቡ ውስጥ ተቀብሮ፣ ታችኛው ክንፉ በጣሪያው ላይ ክንድ ያህል ተኝቷል። አንድ ነገር ግን ዓይኔን ወጋው። የጣሪያው ቆርቆሮ ሞገድ ስላለው፣ ጠፍጣፋው ክንፍ ሲተኛበት ከሥሩ ተራ በተራ የአይጥ ጉድጓድ የሚመስሉ ክፍተቶች ቀርተዋል።

«ይኼ ቀዳዳስ?» ብዬ ጮህሁ።

«ተወው።»

«ውሃ አይገባበትም?»

«ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ተወው።»

«ለምን እንደምተወው አስረዳኝ እንጂ!»

ያን ጊዜ ከመንገዱ ሠራተኞቹን የሚሰበስበው የጣልያን ማኪና ጥሩምባ ነፋ። የዘገየ ይገረፋል። ፈንታ እየሮጠ «አትንካው ብየሃለሁ፣ አንተ ትንሹ የኔታ! አትንካው!» ብሎ ሄደ።

ደብተሬ ላይ «ቀዳዳ፣ ለምን?» ብዬ ጻፍሁና ከሥሩ ባዶ መስመር ተውሁ። ባዶው መስመር አላስቀመጠኝም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አሰናብቼ ጣሪያው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አሰብሁ። ይህ ሰው ይጠላናል። ሦስት ቀን ሙሉ የሰደበኝ በከንቱ አይደለም። ሚስቱ ላይ ድንጋይ ወርውረናል። ለመጻሕፍታችን ምን አሳዘነው? ቀዳዳዎቹን ሆን ብሎ የተወልን ለዝናቡ ነው። ይህን ሐሳብ አንድ በአንድ፣ ልክ እንደ ሒሳብ፣ አስተካክዬ ደረደርሁት፤ አንዱ ከሌላው የሚከተል ይመስል ነበር።

ኖራና አሸዋ ለውሼ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፈንሁ። በአውራ ጣቴ እያለሰለስሁ ከዳር እስከ ዳር ጨረስሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

የሰኔ መጀመሪያ ዝናቦች አጫጭር ነበሩ። ዕቃ ቤቱ ደረቅ ሆኖ ሰነበተ። መምሬ አስረስ በየጠዋቱ ገብተው ግንቡን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይደነቁ ነበር። ወሩ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው «እሑድ እናገራለሁ፤ ሚስቱን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ይቁም በለው» አሉኝ። ነገርሁት። እቤቱ የሄደው እየሮጠ ነው።

ዐርብ ከሰዓት ጀምሮ ዘነበ። ቅዳሜን ሙሉ ዘነበ። እሑድ ማለዳ ዕቃ ቤቱን ስንከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ግንቡን ታክኮ በተደረደረው መጻሕፍት ላይ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ነበር። የመንደራችን ድጓ ከሁሉም በላይ ነበር የተቀመጠው። ስገልጠው ቀለሙ በእጄ ላይ ፈሰሰ። ቀዩ ከጥቁሩ ተቀላቅሎ እስከ ክርኔ ወረደ።

ቅዳሴው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። መምሬ አስረስ የራሰውን ድጓ ታቅፈው ደጀ ሰላሙ ላይ ወጡ። ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋዩ አጠገብ፣ ፈንታና ትርንጎ ቆመዋል። ትርንጎ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር።

«እንዲህ አደረገን!» አሉ መምሬ አስረስ መጽሐፉን ከፍ አድርገው። ከዚያ ሕዝቡ እየሰማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! እንደ ነገረህ ነው የሠራኸው?»

ኖራው ከአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ገና አልለቀቀም ነበር።

«እንደ ነገረኝ ነው» አልሁ።

ፈንታ አየኝ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። አልተሳደበም። አንዲት ሴት «ቡዳ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ድንጋይ ተነሣ። ትርንጎን ከፊቱ አስቀድሞ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ቁልቁል ሲወርድ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መቱት። ዘወር አላለም። በዚያው ቀን ጎረምሶች ሄደው ወናፉን ቀደዱ፣ የትርንጎን ገንቦ ሁሉ ሰባበሩ።

ማክሰኞ ዕለት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የረጠቡትን ብራናዎች አንድ በአንድ እየለያየሁ ነበር። ከላዬ፣ ጣሪያው ላይ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ። ጧ!

ሮጬ ስወጣ ፈንታ ከድንጋዩ ወርዶ፣ ዕቃቸውን የጫኑባትን አህያ እየነዳ፣ ከትርንጎ ጋር በአይከል መንገድ ሲሄድ ከጀርባው አየሁት። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ጠጠሯ እኔ በለሰንሁት ኖራ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የትም አይደለም፣ ልክ እሱ ላይ።

መሮ አምጥቼ ልስኑን ሰበርሁት። ከሥሩ የተጠራቀመ የጨቀየ ውሃ በቀዳዳዎቹ ሁሉ ተንደርድሮ በጣሪያው ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ባዶው መስመር ሞላ። ያ አሮጌ ግንብ ራሱ ውሃ ይጠጣል፤ ረጅም ዝናብ ሲሆን ከቦዩ በላይ የጠጣው በድንጋዮቹ መካከል እየወረደ ከታጠፈው ቆርቆሮ ኋላ ይመጣል። ይህን ማንም ሊከለክለው አይችልም። የሚቻለው መውጫ መተው ብቻ ነው፤ ቀዳዳዎቹ መውጫው ነበሩ። እኔ መውጫውን ስደፍነው ውሃው ከኋላ ተኝቶ፣ ከፍ እያለ ሄዶ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ የላይ ጫፍ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። አጭር ዝናብ ግንቡን ስለማያጠግበው ነው እስከዚያ ቀን ያልታየው።

ከዚያ ወዲህ ያ ጣሪያ አንድ ጠብታ አላስገባም። ጣልያን ወጣ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ እኔም የመንግሥት አስተማሪ ሆንሁ፤ ጣሪያው እንደ ያዘ ነው። መምሬ አስረስ «ያ ቡዳ ከሄደ ወዲህ ቆርቆሮው ተባረከ» ይላሉ። እኔም ሰምቼ ዝም እላለሁ። ጠጠሯ ግን የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናት።

ይህን እዚህ ድረስ ጽፌ ዛሬ፣ በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ወደ ገበያ ተመለስሁ። ትርንጎ እዚያው ናት። ፊቷ ተቀመጥሁ።

«ዛሬም መንገድ ልትዘጋብኝ መጣህ?»

«ቀዳዳዎቹን የደፈንሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ፈንታ አትንካ ብሎኝ ነበር። እሑድ ዕለት ዋሸሁ።»

አንድ ገንቦ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ድምፁን ሰማች። «እናውቃለን። ከድንጋዩ ላይ ልስኑ ይታይ ነበር። ነጭ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይናገር ቀረ?»

«ለማን?» አለች።

ገንቦዋን አኖረችና እንደ ባሏ ከራሴ በላይ እያየች «ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? እኔ ሰው እንዳልበላሁ አውቃለሁ» አለች። «ደጀ ሰላሙ እንደሆን ቦታውን አልለቀቀም። ገንቦ ትገዛለህ?»

ገዛሁ። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ መሬት ላይ አኖረችልኝ።

ከገበያ በቀጥታ ወደ መምሬ አስረስ ሄድሁ። ሁሉንም በተራ ነገርኋቸውና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጀ ሰላሙ ላይ እንድናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። አርጅተዋል፤ መቋሚያቸውን እያሹ ሰሙኝ።

«ሰውየው ሞቷል ትላለህ። ደጀ ሰላም ለሞተ ፈላሻ አይከፈትም። እኔንስ በሕዝብ ፊት ምን ልታደርገኝ ነው? አልፈቅድም። ሂድ።»

ስለዚህ ደጀ ሰላሙ ላይ አልቆምም። ከአጥሩ ውጭ ግን ገበዝ የለውም። ፈንታ የቆመበት ድንጋይ እዚያው አለ፤ ስመለስ ወጥቼበት አየሁ፤ ጣሪያው እንዳለ ይታያል፤ እሑድ ደግሞ የሕዝቡ ጀርባ ይታያል። የምናገረው አጭር ነው፤ ቀዳዳዎቹን የደፈንሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ትርንጎ ሰው አልበላችም። እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ፊቱን ወደ እኔ እንዲያዞር፣ መጀመሪያ ጠጠሯን ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ እወረውራታለሁ። ድምፅዋን ያውቁታል።